ስምንትና አራት

«ሚፍታን ያ ሩቅ ወረዳ፣ ካምባ ሊወረውሩት ነው» ትላለች በለጥሽ፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ። ጠዋት ትለዋለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ትደግመዋለች። ምክንያቱንም ከራሷ ትጨምርበታለች፤ የማያስተምር መምህር ማን ይፈልጋል?

እርግጥ የሚፍታ የሒሳብ ክፍል ገበያ ነው። አንድ ችግር ይሰጥና ዝም ይላል። ተማሪዎቹ በቡድን ይከራከሩበታል፤ የደረሱበትን ሰሌዳው ጋ ወጥተው ያስረዳሉ። ከጎኑ ባለው ክፍል ሒሳብ የምታስተምረው ራኒያ መጀመሪያ ሰሞን፣ «ደመወዝ የሚከፈልህ ዝም ለማለት ነው?» ብላው ነበር።

«ይከብዳል እኮ። እስቲ ሞክሪው።»

በምላሷ የማትታማው ራኒያ ስቃ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲህ በግድግዳው በኩል የሚመጣው ጫጫታ ደስ ይላት ጀመር፤ ከሥራ ሲወጡም አብረው ይሄዱ ነበር። ጋብ ሲል ግን ጠመኔዋን አስቀምጣ ታዳምጣለች፤ አዛወሩት ይሆን?

ሚያዝያ አምስት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር መጣ፤ የሚፍታን አስተማሪነት ሊመዝን። ራኒያ ክፍለ ጊዜ ስላልነበራት ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። የዕለቱ ችግር ይህ ነበር፦ ላንቴ ላይ ሁለት የሙዝ ማሳዎች በአንድ ቦይ ይጠጣሉ። አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። ውሃው የሚለቀቀው ለአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ እንዴት ይካፈሉት?

ልታስረዳ የወጣችው ሃና ነበረች፤ የላንቴ ገበሬ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ። ጠመኔውን እንደያዘች ቆመች። ደቂቃ አለፈ። ሚፍታ ዝም። ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን አየ።

«ስምንትና አራት» አለች ራኒያ ከኋላ።

ሃና ጠመኔውን አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሚፍታ ራኒያን ቀና ብሎ አያት። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር።

በማግስቱ የዝውውር ደብዳቤው ደረሰው፤ ካምባ። ያንኑ ዕለት ከሰዓት ፈልጓት መጣ። ስለ ሃና አላነሳም።

«እንጋባና አብረን እንሂድ፣ ራኒዬ።»

ዕድሜ ልኳን፣ እሱ ዝም ባለ ቁጥር «ያስባረርሽኝ አንቺ ነሽ» የሚላት መሰላት። ይህን እንዳትነግረው ደግሞ ኩራቷ ከለከላት።

«እኔ ካምባ ምን አለኝ?» አለችው።

ትንሽ ጠበቃት፤ መጠበቅ ያውቅበታል። ከዚያ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት በለጥሽ፣ ሚፍታ እሁድ ዕለት የካምባ ልጅ ማግባቱን እያወራች የቆየ ማህደሩን ስታገላብጥ፣ ራኒያ የዝውውር ደብዳቤውን ቅጂ አየች። የተፈረመው መጋቢት ሃያ ስምንት ነበር፤ ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ሊገባ ሰባት ቀን ሲቀረው።