ወደ ቀኝ የሄደች መርፌ

ሟቹ ትራክተሩ አጠገብ ሸራ ለብሰው ተጋድመዋል። የትራክተሩ አፍንጫ የጋራዡን ግድግዳ ሰንጥቆ ቆሟል። ኮንስታብሉ በሩ ላይ ጠብቆ ሪፖርቱን ለመርማሪዋ አቀበላት።

«ጨርሻለሁ» አለ። «ልጅቷ ባትሪውን አስራ፣ ትራክተሩን ማርሽ ውስጥ ትታው ሄደች። አባትየው ከመሬት ሆነው ሞተሩን ሲያስነሱ ዘሎ ወጣባቸው። በቸልተኝነት የደረሰ ሞት ነው።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ክብሪት» ይሏታል፤ ለመንደድ ጊዜ ስለማይፈጅባት። ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ደሟ ፈላ። ሰው ከሞተ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው እንዲህ አምሮና ተቀናብሮ የተጻፈ ሪፖርት አይታ አታውቅም።

«ይህን ሁሉ ማን ነገረህ?»

«ወንድ ልጃቸው። በዓይኑ አይቷል።»

«አንተስ በዓይንህ ምን አየህ?»

መርማሪዋ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ትራክተሩ ሄደች።

«ባትሪውን የነካው ሰው አለ?»

«እኔ ከመጣሁ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

ሸራውን ገለጥ አደረገች። የሟቹ ቀኝ እጅ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ይዟል። ግራው ትንሽ የቆርቆሮ ክዳን እንደጨበጠ ቀርቷል። ክዳኑ ከሞተሩ ጎን ከተሰቀለው ከሬጉሌተሩ የተነሳ ነው፤ ዲናሞው ለባትሪው የሚልከውን ኃይል የሚመጥነው ሳጥን። ተጭነው ሞተሩን የሚያስነሱበትን ቁልፍ ፈለገችና ከሾፌሩ ወንበር ሥር አገኘችው። ሸራውን መልሳ አለበሰቻቸው።

ልጅቷ እጇ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ግራሶ ናቸው። እናትየው በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታት ቆማለች።

«ባትሪውን አስረሻል?»

«አላሰርኩም!» ጮኸች። «ስንት ጊዜ ልናገር? ዲናሞው ከሁለት ሳምንት ጀምሮ ቻርጅ አያደርግም። ዛሬ ጠዋት ፈታሁት፤ ውስጡ ያሉት ካርቦኖች ተበልተው አልቀዋል። ያውና፣ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። ካርቦን ልገዛ ከተማ ስወርድ ባትሪውም ተሞልቶ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ማርሹን ዜሮ ላይ ነው የተውኩት። አባዬ ‹እስክትመለሺ ሬጉሌተሩን ላጽዳ› አለኝ፤ ስመለስ…» በታሰሩት እጆቿ ወደ ሸራው አመለከተች።

እናትየው ዞር ሳትል መለሰች። «አባቷን በላች! ከትናንት ወዲያ እራት ላይ ‹ጋራዡን ለእሷ ነው የማወርሰው› ባለ ጊዜ ነው ቤታችን የፈረሰው።»

«ወንድ ልጅዎስ ምን አለ እናቴ?»

«ምን ይበል? ሳህኑን ገፍቶ ወጣ። የበኩር ልጅ እኮ ነው!»

መርማሪዋ ወንድ ልጁን ግቢው ውስጥ ፒካፑ አጠገብ አገኘችው። ሸሚዙ ንጹሕ፣ ጫማው የተወለወለ ነው።

«ይሄ ቅራቅንቦ ሰው እንደሚገድል ስንቴ ተናግሬያለሁ!» አለ አፉን ሞልቶ። «እኔ ከተማ ውስጥ በዘመናዊ መኪና ነው የምሠራው። ይሄን በእጄም አልነካው።»

«እህትህ ባትሪውን ስታስር አይተሃል?»

«በዓይኔ በብረቱ! ሦስት ሰዓት ላይ።»

የቀረው፣ ጋራዡ ውስጥ የሚጠብቀው የትራክተሩ ሾፌር ነበር። ባለፈው ሳምንት ከሥራ የተባረረ ሽማግሌ ሲሆን ጠዋት ልብሱን ሊወስድ መጥቶ ነበር።

«ተናድጄባቸው ነበር፤ አልዋሽም» አለ። «‹የቻርጅ መለኪያው ሞቶ እያየህ ሳምንት ሙሉ ነድተህ ባትሪዬን ጨረስክ› ብለው ሰው ፊት አዋረዱኝ። ግን አሥራ ስምንት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በእሳቸው ነው።»

«ሞተሩ ጠፍቶ መብራት ቢበራ የመለኪያው መርፌ ወዴት ትሄዳለች?»

«ወደ ግራ ነዋ የኔ ልጅ። ባትሪው እየሰጠ አይደል? ወደ ቀኝ የምትሄደው ሲሞላ ነው።»

ክብሪት የትራክተሩ ወንበር ላይ ወጥታ የፊት መብራቱን አበራች። መርፌዋ ወደ ቀኝ ሄደች። ዲናሞው ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ ሳለ ባትሪው ይሞላል ማለት ነው? ሽማግሌው አፉን ከፈተ። መርማሪዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው።

ኮንስታብሉ የገመዶቹን አስተሳሰር ፎቶ አንስቶ ባትሪውን ፈታው። ከዚያ ክብሪት እናትየውን፣ ሁለቱን ልጆችና ሾፌሩን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አንዱ ገመድ ወደ ትራክተሩ ቦዲ ይሄዳል፤ ሌላው ሞተሩን ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ» አለች። «ተራ በተራ ታስራላችሁ።»

ሽማግሌው የባትሪውን ፕላስ ከቦዲው ገመድ ጋር አሰረ። መብራቱን ስታበራ መርፌዋ ወደ ግራ ሄደች። የልጅቷ ካቴና ተፈታና እሷም እንደዚያው አሰረች። መርፌዋ አሁንም ወደ ግራ።

ልጁ ሳቀባቸው። «ሁለታችሁም ደንቆሮ! ቦዲ ላይ የሚታሰረው ማይነሱ ነው። የጀማሪ ትምህርት እኮ ነው!»

«እስኪ አንተ ባለሙያው አሳያቸው።»

ፈትቶ ገልብጦ አሰረው። መብራቱ በራ። መርፌዋ ወደ ቀኝ ሄደች።

«ቅድምም ያገኘሁት እንዲህ ተገልብጦ ነው» አለች ክብሪት፤ ድምፅዋ እየጋለ መጣ። «ፎቶውም ይኸው። የዛሬ መኪና ላይ ልክ ነህ። ይህ ትራክተር ግን አሮጌ ነው፤ ከተሠራ ጀምሮ ፕላሱ ነው ቦዲው ላይ የሚታሰረው። አባትህ ያውቁት ነበር፤ ሾፌሩም እህትህም አሁን ዓይንህ እያየ አሰሩት። የማታውቀው አንተ ብቻ ነህ፤ በእጅህ ነክተኸው አታውቅማ! እህትህ ስታስር አላየህም። ያሰርከው ራስህ ነህ።»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ባስረውስ? ልረዳው ብዬ ነው! ሞተሩን ያስነሳው እኮ ራሱ ነው!»

«በየትኛው እጁ?» ጮኸችበት። «ቀኙ የብርጭቆ ወረቀት ይዟል። ግራው ክዳን። ማስነሻው ከወንበሩ ሥር ነው፤ እሳቸው ጎማው ፊት አጎንብሰው ነበር። ‹ባትሪውን ልሰርልህ› ስትላቸው አመኑህ። ደስም ብሏቸው ይሆናል፤ ልጄ ለሥራዬ እጁን ዘረጋ ብለው! አንተ ማርሹን አስገብተህ ተጫንከው።»

«ለእሷ!» ልጁ እህቱ ላይ ጣቱን ቀሰረ። «ጋራዡን ለእሷ! እኔ በሰው ጋራዥ እየተላላክሁ፣ ለሴት ልጅ!»

ከዚህ ወዲያ የሚጠየቅ አልነበረም። ክብሪት ሪፖርቱን ለኮንስታብሉ መለሰችለት። «ቅደደው። ሁለተኛ በሰው ዓይን አይተህ እንዳትጽፍ።» ካቴናው ልጁ እጅ ላይ ገባ፤ ይዘውት ወጡ።

እናትየው እጆቿን ዘርግታ ወደ ሴት ልጇ መጣች። «ልጄ… የኔ እናት… ማሪኝ።»

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አላለቀሰችም።

«ሁለት ልጅ ነበረሽ እማዬ። አንዱ ሳትጠይቂው ነገረሽና አመንሽው። እኔን ‹ምን ሆነ?› ብለሽ እንኳ አልጠየቅሽኝም።»

የእናትየው እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ልጅቷ አልፋት ሄዳ አባቷ አጠገብ ተንበረከከች፤ ሸራውን ገልጣ የቆርቆሮ ክዳኑን ከቀዘቀዙት ጣቶች ውስጥ ቀስ አድርጋ ታስለቅቅ ጀመር።