ኪሱ በቀኝ በኩል

የእህቴ እጮኛ ወላጆች ምሳ ሊጋብዙን ቀን የቆረጡ ዕለት፣ እናቴ ቁም ሣጥኗን ከፍታ ፊቱ ቆማ ቀረች። ብርዱ የከረረበት ወር ነበር። ግብዣው ትልቅ ነው፤ ዘመድ አዝማዳቸው ሁሉ ይመጣል፣ ፎቶ አንሺም ተጠርቷል። እናቴ ቁም ሣጥኑን መልሳ ዘጋችና «ራቁታችንን ነን» አለች።

ራቁታችንን አልነበርንም። ሹራብ ነበረን። ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። የእህቴ አማት ሰውን በለበሰው ጨርቅ የምትመዝን ሴት ናት። ብዙ ዓመት የልብስ ሱቅ ነበራት፤ ልጇን ለማን እንደምትሰጥም ገና አልቆረጠላትም ነበር።

«ሦስት ሰው፣ የአንድ ሰው ገንዘብ» አለች እናቴ። «የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ እስቲ ጭንቅላትሽ ይሥራ።»

ሠራ። ቅዳሜ ጠዋት ልባሽ ጨርቅ ወደሚዘረገፍበት ገበያ ሄድኩና ክምሩ ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቼ አንድ ወይን ጠጅ የከፋይ መጋረጃ እና ሁለት ሰፋፊ የወንድ ሱፍ ሱሪዎች ጎትቼ አወጣሁ። መጋረጃው ለእህቴ ቀሚስ፣ ሱሪዎቹ ለእኔ ጉርድ ይሆናሉ። ለእናቴ የሚሆን ስላላገኘሁ የሟች አባቴን ካፖርት ከመስቀያው አወረድኩት። ትከሻውና ክርኑ ነጥቶ አመድ መስሏል። ሁሉንም ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቄ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች አንዲት የልብስ ሰፊ ሱቅ ሄድኩ።

ልብስ ሰፊውን ሰዉ «ሜትር» ይለዋል፤ መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ። ካፖርቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደና ገበሩን ገለጥ አድርጎ አየ።

«ይሄ ገና አልሞተም» አለ። «ውስጡ ፀሐይ አላየም። እተረትረውና እገለብጠዋለሁ፤ ውስጡ ውጭ ይሆናል።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ገና እንደምን አደርክ እንኳ አላልሽኝም።»

«እንደምን አደርክ። መቼ ይደርሳል?»

ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ጥድፊያ» ሆነ።

ካፖርት ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። የወንድ አቆላለፉ የሴት ስለሚሆን ለእናቴ ገጥሟል። ችግሩ የደረት ኪሱ ነው። እሱም ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ የተገለበጠን ልብስ ከአዲስ የሚለየው ያ ብቻ ነው። «አብዛኛው ሰው አያየውም» አለኝ ሜትር። «የሚያውቅ ግን መንገድ ማዶ ሆኖ ያየዋል።» ስለዚህ ከካፖርቱ የውስጥ ጫፍ ክር እየመዘዘ፣ የእናቴን ኪስ አፍ በመርፌ ፈትል በፈትል ሸምኖ ደፈነው። አራት ቀን ፈጀበት። አምስተኛው ቀን ላይ ቦታውን በጣቴ ፈልጌ አጣሁት።

እኔ ከሥራ መልስ በየቀኑ ልክ ልለካ ነው እያልኩ እሄዳለሁ። አንድ ቀን መለኪያውን በወገቤ አዙሮ ጫፍና ጫፉን ሲያገናኝ ቁጥሩን ማንበብ ተወ። ትንፋሹ ግንባሬ ላይ ነበር። እኔ ዝምታ አይሆንልኝም።

«ስንት ነው?»

«አላየሁትም።»

«እንደገና ለካ።»

ሦስት ጊዜ ለካኝ። ወገቤ ያው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት እሱ እስኪጠይቀኝ መጠበቅ ሰለቸኝ። «ትወደኛለህ ወይስ ልክ እየወሰድክ ነው?» አልኩት።

«ሁለቱንም።»

መልሱ አጭር ስለነበር ወደድኩት። ማሽኑ ላይ ጎንበስ እንዳለ አንገቱን ሳምኩት፤ ስፌቱ ጠመመና ተርትሮ እንደገና ሰፋው።

«እናትሽ ያውቃሉ?» አለኝ።

«በግብዣው ዕለት ሁሉም በአንዴ ይወቁ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ማስረዳት አልወድም። የእህቴ እጮኛ የፈለጋችሁትን ጋብዙ ብሎናል፤ እኩለ ቀን ላይ ና።»

«ምን ብለሽ ልታስተዋውቂኝ?»

«የኔ ሰው ነው ብዬ። ይበቃሃል?»

ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ተርፎኝ» አለ።

የግብዣው ቀን ከሀብታም አናንስም ነበር። እህቴ በከፋዩ ቀሚስ ስትገባ ሰዉ ዞር አለ። የኔ ጉርድ በአንድ ወቅት የሁለት ወፍራም ወንዶች ሱሪ እንደነበር እኔም ረስቼዋለሁ። ፎቶው በረንዳው ላይ ስለሆነ ካፖርት የለበሰ አላወለቀም። አማቲቱ የእናቴን ትከሻ በመዳፏ አሸት አድርጋ «እንዲህ ያለ ሱፍ አሁን ከየት ይገኛል?» አለች።

«ከውጭ ተልኮልኝ ነው» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

እኩለ ቀን ላይ ሜትር መጣ። ተላጭቷል፤ መለኪያው አንገቱ ላይ የለም። ሰማያዊ ካፖርት ለብሷል፣ የተገለበጠ። ኪሱ በቀኝ ደረቱ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ለእናቴ አራት ቀን የለፋበትን ሥራ ለራሱ ለመሥራት ቀን አልተረፈውም። ቀኖቹን የወሰድኩበት እኔ ነኝ፤ «መቼ ይደርሳል» እያልኩ።

ወደ እኔ ፈገግ ብሎ ሲመጣ አማቲቱ መንገዱ ላይ ነበረች።

«ምነው ወንድም፣ ኪስህ መንገድ ጠፍቶት ነው?» አለች። በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። «የተገለበጠ እኮ ነው። ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ስንቱን እንዲህ ያለ ከበር መልሻለሁ። ለመሆኑ የማን እንግዳ ነህ?»

ዓይኗ ከሱ ካፖርት ተነሥቶ በየሰው ደረት ላይ መዞር ጀመረ። እናቴ ሳታውቀው እጇን ወደ ቀኝ ደረቷ አነሣች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ልብስ ሰፊያችን ነው» አልኩ። «የእህቴ ቀሚስ ጫፉ ተተርትሮ ልከንበት ነው።»

የእህቴ ቀሚስ ጫፍ አልተተረተረም። ማን ሰፍቶት።

ሜትር አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ከኮሌታው ሥር መርፌ መዘዘና የበረንዳው ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ ያልተተረተረውን ጫፍ መስፋት ጀመረ። እህቴ እንደ እንጨት ደርቃ ቆመችለት። ፎቶ አንሺው አንድ አነሣ።

«ለሰው ሲሆን እጁ ወርቅ ነው፤ ለራሱ ግን አልሆነለትም» አለች አማቲቱ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያስገደደኝ ሰው አልነበረም፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ነው።

የእጮኛው አባት ደግ ሰው ስለነበሩ «ምሳ ቅመስ እንጂ ልጄ» አሉት።

«ይቸኩላል፤ ሥራ ጥሎ ነው የመጣው» አለች እናቴ። ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ የገንዘብ ኖት አጥፋ በዚያው በቀኝ ኪሱ ከተተችለት። «ለድካምህ።»

«እሰይ፣ ኪሱም ሥራ አገኘ» አለች አማቲቱ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሜትር፤ ጉልበቱን አራግፎ ሄደ። አማቲቱ የእናቴን ክንድ ይዛ ወደ ማዕድ አስገባቻት። በዚያ ቀን የሠርጉ ወር ተቆረጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ «ደግ አደረግሽ» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ሦስት ሳምንት ልክ የሚወሰድለት ጉርድ የለም» አለች።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ማሽኑ ላይ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው።»

«ጠይቂ።»

«ይቅርታ።»

«እሺ።»

«እሺ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ነው። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«ለእህቴ ብዬ ነው። ሴትዮዋ የእናቴን ካፖርት ልታይባት ነበር፤ አንተም አይተሃል። ጋብቻው እዚያው ይፈርስ ነበር።»

«አይቻለሁ» አለ። ያኔ ማሽኑን አቆመ። «ስለዚህ እኔው ልዋሽልሽ ነበር። ልብስ ሰፊያቸው ነኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደምሽኝ።»

ወደ ማሽኑ አንድ እርምጃ ቀረብኩ።

«መካድሽ አይደለም ያቆሰለኝ» አለ። «አንዴ ብትደናቀፊ፣ አንዲት ትንፋሽ ብትወስጂ፣ እኔ በዚያች ትንፋሽ እኖር ነበር። ስሜን እንደመጥራት ቀለለሽ። ደግሞ ሳቅሽ።»

«እቸኩላለሁ፤ ታውቀኛለህ።»

«አወቅኩሽ።»

«በቃ?»

«በቃ። ደንበኛ ይመጣል፤ በሩን አትዝጊው።»

ወጣሁ። ግን አልሄድኩም፤ ደረጃው ሥር ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ማሽኑ ጀመረ። እኔ ሰው ጠብቄ አላውቅም፤ ያን ቀን ጠበቅኩ። እጄ እስኪደነዝዝ ብርዱ ውስጥ ቆምኩ። ከዚያ ማሽኑ ድንገት ቀጥ አለ። ፀጉሬን አስተካከልኩ። ምን እንደምለው እንኳ አዘጋጅቼ ነበር፤ ቀስ ብዬ፣ ሳልቸኩል።

ሜትር ክር ሲበጠስበት ጫፉን ከንፈሩ ላይ አርጥቦ መርፌው ዓይን ውስጥ ለማስገባት ምን ያህል እንደሚፈጅበት አውቃለሁ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ልክ ያን ያህል ቆየና ማሽኑ ስፌቱን ቀጠለ።