ከስቴሽኗ ሥር

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ መካኒኩ ሊደበደብ ምንም አልቀረውም ነበር። የሟች ታላቅ ወንድም ኮሌታውን አንቆ ከግድግዳ ጋር አጣብቆታል፤ የሟች ሚስት ከኋላ ቆማ «ይበሉት እንጂ ጋሼ! ምን ይጠብቃሉ!» ትላለች። ከአጥሩ ወዲያ አንገቱን ያሰገገ ጡረተኛ ጎረቤት ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሁላችሁም ያው ናችሁ!» እያለ ይራገማል። ሬሳው አንሶላ ለብሶ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል፤ እሱን ግን ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም።

«ይልቀቁት» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ገዳይ ነው!» አለ ታላቅ ወንድም።

«ከሆነ ለእኔ ይተዉልኝ። ካልሆነ በድብደባ ይዤ የምሄደው እርስዎን ነው። ይምረጡ።»

ለቀቀው፤ የኮቱንም እጅጌ አስተካከለ። ልብሱ ካንገት እስከ እግር በካውያ የተተኮሰ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። ኢንስፔክተሯ ሰው ሲዋሽባት አትቆጣም፤ ውሸት ሥራዋ ነው። ጩኸት ግን ደሟን ያፈላዋል፤ ያን ቀን ደግሞ ከእረፍቷ ተጎትታ ነበር የመጣችው።

የሟች ጋራዥ ከመኖሪያ ቤቱ ጎን የተቀጠለ ባለ ቆርቆሮ ክፍል ነው። መኻሉ ላይ ሠላሳ ዓመት ያለፋት አነስተኛ የጃፓን ስቴሽን ዋገን ቆማለች። አባትየው ሁለቱን ልጆቹን ያሳደገባት መኪና ናት። ታናሹ፣ ሟቹ፣ እጅ ከገባች ወዲህ ግን ያልተነካ ነገር የቀራት አይመስልም፦ ወንበሮቿ ወጥተዋል፣ ማርሚታዋ ተቆርጧል፣ ቸርኬዎቿ በሰፋፊ ተቀይረዋል፣ ሞላዎቿ አጥረው ሆዷ መሬት ሊስም ደርሷል። ቀለሟ ፊት ያሳያል። የፊት ግራ ጎማዋ ወልቆ ግድግዳ ተደግፏል።

የሆነውን ለመናገር ሁሉም ተሻሙ። ሚስትየዋ በሁለት ሰዓት ወደምትሠራበት ፋርማሲ ሄደች። ባልየው እረፍት ላይ ስለነበር ከመኪናው ጋር ቀረ። በአምስት ሰዓት ለሻይ ስትመለስ፣ ዕቃ ሊያደርስ ከመጣው መካኒክ ጋር በር ላይ ተገናኙ። አብረው ሲገቡ ሰውየው ደረቱ ከመኪናዋ ሥር ተጨፍልቆ አገኙት። ስድስት ጎረቤት ተረባርቦ መኪናዋን በእጅ አንስቶ አወጣውና መልሶ አስቀመጣት። ረጅም እጀታ ያለው የዘይት ክሪክ ግን ሲገቡ ጀምሮ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ክሪኩ የመካኒኩ ነው። ባለፈው ሳምንት ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎሚኒ ቀይሮ ያዋሰውም እሱ ራሱ ነው።

የጣቢያው አዛዥ በስልክ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። «ቸልተኝነት ነው። መካኒኩን ይዘሽው ነይ፤ የሚሠራበትንም ጋራዥ አሽጊ» አላት። ሰውየው ሃያ ዓመት የለፋበት የራሱ ጋራዥ ነው። መካኒኩ ይህን ሰምቷል፤ እጁን እየጠረገ፣ እየጠረገ፣ ጨርቁን ከጥቅም ውጭ አድርጎታል።

«አንተ ና» አለችው። «ክሪኩ ደህና ነው?»

«ሁለት መኪና አንስቼ ሞክሬው ነው ያዋስኩት።»

«የራሱን ለምን አልተጠቀመም?»

«ስቴሽኗ የራሷ ክሪክ የላትም። ‹ካባቴ ጊዜ ጀምሮ የት እንደገባ አላውቅም› አለኝ። የኋላ ጎን ሽፋኖቿን ደግሞ ገና አልነካናቸውም ነበር።»

«ትናንት በስልክ ተጣልታችኋል አሉኝ።»

«ተጣልተናል። ‹የኋላ ጣሪያዋን ቆርጠህ ፒክአፕ አድርጋት› አለኝ። እምቢ አልኩት፤ ጣሪያ የሌላት ስቴሽን ወገቧ ይሰበራል። ‹ራሴ እቆርጣታለሁ፣ አንተ ፈሪ› ብሎ ዘጋብኝ።»

ኢንስፔክተሯ የፊት ጎማው አጠገብ ያሉትን ሁለት ጣውላዎች አመለከተች። «እነዚህስ?»

«ያለ እነሱ ክሪክ አይገባማ! ዝቅ ካደረግናት ሦስት ሳምንቷ ነው። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቿ ጣውላ ላይ ይወጣሉ፤ ያኔ ክሪኩ ሥሯ ይገባል።»

ክሪኩን በእግሯ ወደ መኪናዋ ሥር ገፋ አደረገችው። ከመከላከያዋ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። «እስቲ በባዶው አንሳው» አለችው።

መካኒኩ እጀታውን ደጋግሞ ተጫነ። ክሪኩ ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። «ቫልቩ ተፈቷል» አለ። እጀታውን ወደ ቀኝ አዞረው፤ ሲጫነው አሁን ያለ ምንም ድምፅ ተነሣ።

«አላልኩም!» አለ ታላቅ ወንድም። «ብልሽት ነው! ወንድሜን በብልሽት ገደለው!»

«እባክዎ፣ ገና አልተጠየቁም» አለችው።

ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ጓንቱን እያወለቀ ጠበቃት፤ እሱም ሰውን ሁሉ የሰለቸ ነበር። «ደረቱ ላይ ሁለት መስመር አለ» አላት። «አንዱ ካንዱ ሦስት ጣት ዝቅ ይላል። ሁለቱም በልዘዋል።»

«ጎረቤቶቹ ሲያነሱና ሲያወጡት ይሆናል።»

«ሬሳ አይበልዝም፣ ኢንስፔክተር።»

ሚስትየዋ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። እንባ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ባልሽን ትወጂው ነበር?»

«እሱ የሚወደው እሷን ነው። ጣውንቴ ናት» አለች ወደ ስቴሽኗ በአገጯ እያሳየች። «የልደቴ ቀን ቸርኬ ገዝቶ ገባ። ምን ልበልዎት? እንዲያቃጥሏት እመኛለሁ። እሱን ግን እኔ አልነካሁትም። እስከ አምስት ሰዓት ፋርማሲው ሰው ሞልቶበት ነበር፣ ይጠይቁ።»

«የመኪናዋ ክሪክ የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ?»

«ክሪክ ምን እንደሚመስልም ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

ጡረተኛው ጎረቤት ደብተር ይዞ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማርሚታዋን ጩኸት በሰዓት በሰዓት እየጻፈ ክስ ሲያዘጋጅ ኖሯል። መነጽሩን አውጥቶ የዛሬውን አነበበላት፦ «ሦስት ሰዓት ከአሥር፣ ጭቅጭቅ፣ ከዚያ ዱብ የሚል ድምፅ። ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ የብረት ሲጥሲጥታ። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት፣ እንደገና ሲጥሲጥታ። ከዚያ ጸጥታ።»

«ጭቅጭቁ ከማን ጋር ነበር?»

«ጮኾ የሚሰማው ሁልጊዜ እሱ ነው። የሌላውን አልሰማሁም።»

«ሄደው አላዩም?»

«ምን ሊያደርግልኝ? ጸጥ ሲል ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ አለኝ።»

ታላቅ ወንድም መጨረሻ ተጠየቀ። «ሁለት ዓመቴ ነው ይህን በር ከረገጥኩ» አለ። «ያባቴን ወንበሮች ቆሻሻ ላይ ሲጥላቸው አይቼ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። አባቴ በየሳምንቱ በእጁ የሚያጥባት መኪና ናት! እኔ አጠገቡ ቆሜ ነው ያደግኩት። ይሄ ያኔ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ነበር የሚዞረው፤ ምኑን አውቋት?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

«ክሪኩ እንዴት የወደቀ ይመስልዎታል?»

«ተንሸራቶ ነዋ። መኪና ሲወርድ ክሪክ ወደ ጎን ይፈናጠራል። አባታችንንም አንዴ ሊፈጀው ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ብቻዋን ወደ ስቴሽኗ ኋላ ሄዳ በሯን ከፈተች። የግራውን ጎን ሽፋን በጣቷ አንኳኳች፤ ከኋላው ክፍተት እንዳለ ድምፁ ነገራት። የሽፋኑ ብሎኖች አቧራ ጠግበዋል፣ ጭንቅላታቸው ግን አዲስ ያብረቀርቃል። ፈታ አየች። ውስጡ እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ በገመድም የታሰረ፣ እየዞረ የሚያነሳ አሮጌ የእጅ ክሪክ ነበር። ትንሽ ስታዞረው ሲጥ አለ።

«ሁሉንም ጥሩልኝ» አለች። «ጡረተኛውንም።»

ጋራዡ ውስጥ ቆሙ፤ ማንም ከማንም አጠገብ መቆም አልፈለገም። ኢንስፔክተሯ የእጅ ክሪኩን የስቴሽኗ ኮፈን ላይ አስቀመጠችው።

«ቀስ ብዬ ልናገር፤ የሚያቋርጠኝ ይወጣል። አንደኛ፣ የዘይት ክሪኩ ቫልቭ ተፈቶ ነው የተገኘው። ተንሸራቶ የወደቀ ክሪክ ቫልቩን በራሱ አይፈታም። የሚፈታው እጀታው ሲዞር ነው፤ እጀታው ደግሞ ውጭ ነው፣ ከሥር የተኛ ሰው አይደርስበትም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነበር።

«ሁለተኛ፣ ይህች መኪና ጎማዋ ሙሉ ሆኖ እንኳ ክሪክ የሚገባባት በጣውላ ነው። ጎማዋ ወልቆ ከወረደች በኋላ ሥሯ የነበረው ክሪክ እዚያው ተነክሶ ይቀራል እንጂ ወደ ጎን አይፈናጠርም። የእኛ ክሪክ ግን ውጭ ተኝቶ ነበር። ስለዚህ መኪናዋ በሌላ ነገር ተነሥታለች፣ ክሪኩ ተስቦ ወጥቷል፣ ከዚያ መኪናዋ ተመልሳ ወርዳለች። የዘይት ክሪክ ሲሠራ ድምፅ እንደሌለው ቅድም አይታችኋል። እኚህ ጡረተኛ ግን ሁለት ጊዜ ሲጥሲጥታ ሰምተዋል። ይኸው የሲጥሲጥታው ባለቤት።»

መካኒኩ የእጅ ክሪኩን አፍጥጦ አየው። «ይሄ… ነበር እንዴ?»

«ነበር። አንተ ብትሆን ግን አትፈልገውም፤ ቫልቭህን አጥብቀህ ሦስቴ ብትጫን መኪናዋ ትነሣለች። ይህን ያነሣ ሰው የዘይት ክሪክ አያያዝ አያውቅም። ሲደነግጥ እጁ የሄደው ልጅ ሆኖ ወደለመደው ነው። ባለቤቱ ራሱ የት እንዳለ አያውቅም ነበር። ሚስቱ አታውቅም፤ ደግሞም ፋርማሲ ነበረች። ጡረተኛው መኪናዋን ከጆሮ በስተቀር አያውቃትም። አባትየው ልብስ አልብሶ፣ እንዳይንኳኳ አስሮ፣ በመኪናዋ ጎን ሸሽጎ ሲያስቀምጠው አጠገቡ ቆሞ ያደገ አንድ ሰው ነው ያለው። ሥራውን ጨርሶም እንደተማረው ጠቅልሎ መልሶታል።»

ሁሉም ወደ ታላቅ ወንድም ዞሩ። ሚስትየዋ «ጋሼ?» አለች፤ ከዚያ በኋላ ጋሼ አላለችውም።

የታላቅ ወንድም ትከሻ ወረደ። «ትናንት ‹ነገ ጣሪያዋን እቆርጣለሁ› ብሎ መልእክት ላከብኝ» አለ። «ተው ልለው ነው የመጣሁት። ከሥሯ ሆኖ ሳቀብኝ። ‹አንተና አባትህ ሙዚየም ክፈቱ› አለኝ። ውጣና ዓይኔን እያየህ ተናገር ብዬ እጀታውን ጨብጬ ነቀነቅኩት። አዞርኩት መሰለኝ። ወረደች።»

«ከዚያ ሮጠው የእጅ ክሪኩን አወጡና አነሡለት» አለች ኢንስፔክተሯ። «እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ፣ ጮኸው ሰው ቢጠሩ ኖሮ፣ ጥፋትዎ የንዴት ጥፋት ነበር፤ ወንድምዎም ምናልባት ሐኪም ቤት ነበር። ግን ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ መልሰው አወረዷት። ሁለተኛው መስመርም በልዟል። በሕይወት ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ወደ መካኒኩ ዞራ «አንተ ነጻ ነህ፤ ሥራህን ክፈት» አለችው። ይቅርታ የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

ሚስትየዋ ግን ወደ ታላቅ ወንድም ቀረበች። «ሲያነሱት ተናግሮ ነበር?»

«ተይኝ።»

«ሚስቱ ነኝ። ምን አለ?»

«ዓይኑን ገለጠ። ትንፋሹ ሲመለስ ‹ወንድሜ› ይለኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ። ይቅር ልለው ተዘጋጅቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። ክሪኩ የት ጋ እንደገባ አየና ‹ቀለሟን እንዳትጭርብኝ› አለኝ። ሌላ አላለም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት፤ ሌላ አላለም። ከዚያ መልሼ አዞርኩት።»

ሚስትየዋ ሬሳውን የሸፈነውን አንሶላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየችው።

«እሱ ነው» አለች። «ይለዋል።» ከዚያም ቁጭ አለችና አለቀሰች።