የአንድ ቁጥር ጠርሙስ

ፕሮፌሰሩ ጠዋት ቢሯቸው ውስጥ ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ከአንገታቸው ሥር ትራስ፣ ደረታቸው ላይ ካፖርታቸው ነበር። ሻያቸው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኘ፤ የተቀዳው ከሥነ ልቦና ቤተ ሙከራው «1» ከተባለው ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱን በየቀኑ የምትይዘው ደግሞ ረዳታቸው ነች። ይህን ስትሰማ ልጇን አሰበች። ከታሰረች የሦስት ዓመቱን ሕፃን ማን ይይዝላታል?

መርማሪዋ አጭር፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ እርጋታዋ ራሱ ያስፈራል።

«ጠርሙሶቹ ስንት ናቸው?»

«ሦስት። 1 ብርቱው፣ 2 ቀላሉ፣ 3 የስኳር ውኃ ነው። ለሙከራው የሚጠጡት ሰዎች የቱ እንደሆነ እንዳይገምቱ በቁጥር ጠራናቸው» አለች ረዳቷ። በገዛ አፏ ራሷን ያሰረች መሰላት።

«ቁልፉስ?»

«በሩ ጀርባ ይሰቀላል። ሁላችንም እናውቀዋለን።»

ቀጥሎ የፕሮፌሰሩ ጸሐፊ የሆኑት ታላቅ እህታቸው ዓይናቸው አብጦ ገቡ። «ቁጥሮቹ ስም ናቸው። ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እንደ ማልያ ቁጥር ነው ይለኝ ነበር፤ አሥር ቁጥር የለበሰ ከአምስት ቁጥሩ እጥፍ አይጫወትም» አሉ። ከፕሮፌሰሩ መሳቢያ አንድ ሪፖርት መጥፋቱንም ለመርማሪዋ ነገሯት፤ ቅጂው ግን እሳቸው ጋ ነበር።

የመጨረሻው የጥናቱን ውጤት የሚያሰላው ስሌት ሠሪ ነበር፤ «እኔ ቁጥር እንጂ ጠርሙስ አላውቅም» ብሎ ቁርጥ አደረገው።

ከሰዓት መርማሪዋ ሦስቱንም ሰበሰበች። 

«ለሬሳ ትራስ የሚያደርግ ማን አለ? ይህ ሰው ፕሮፌሰሩ እንደሚነቁ አምኗል። ሊያስተኛቸው ፈልጎ፣ 1 ቁጥር ከሁሉም የቀለለ መስሎታል» አለች መርማሪዋ። ወደ ረዳቷ ዞረች። «አንቺ የቱ እንደሚበረታ ታውቂያለሽ። እህታቸውም ቁጥሩን አምነው አይቀዱም።»

ከዚያ ቅጂውን አነሣች። «እዚህ ‹ሰዎቹ የወሰዱት መድኃኒት አማካይ 2.1 ነው› ይላል። ስም ተደምሮ ይካፈላል እንዴ? ፕሮፌሰሩ ከጎኑ ‹ከንቱ ነው፣ ይሰረዝ› ብለዋል። የጠርሙስ ቁጥርን እንደ መጠን ቆጥሮ ይህን ያሰላው ማነው?»

ስሌት ሠሪው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ትንሹን ነው የመረጥኩት» አለ። «ስህተቴ እንዳይታወቅ፣ እስኪነቁ ወረቀቱን ልወስድ ነበር። እንዳይበርዳቸው ብዬ አለበስኳቸው።»

ወሰዱት። ረዳቷ ወደ ልጇ ልትሄድ ተነሣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። የትኛው ጠርሙስ ምን ይባል ብላ ዕጣ ያወጣችው እሷ ነበረች። ሌላ የዕጣ ወረቀት አንሥታ ቢሆን ኖሮ ፕሮፌሰሩ ዛሬ ራሳቸውን እያሻሹ ይነቁ ነበር።