ሳይለካ የተነገረ ክብደት

ባልደረቦቿ «ግትሯ» ይሏታል። ለቀልድ ያወጡላት ስም ቢሆንም አልተቀየመችም፤ እውነት ነበራ። ለዓመታት አንዲት ቅንጣት ላይ ሙጭጭ ብላለች። ቅንጣቷ ከአቶም እጅግ ያነሰች፣ ኳርክ የሚባል ከባድ ቅንጣትና ተቃራኒው ተቃቅፈው የሚሠሯት «ሜሶን» የምትባል ናት። እስካሁን ያገኛት ሰው የለም። የግትሯ ሥራ ሜሶኗ የተገኘች ዕለት ክብደቷ ስንት እንደሚሆን በስሌት ቀድሞ መናገር ነው።

አንድን ወጣት ያገኘችው የስሌቷን ዘዴ ለተመራማሪዎች ባስረዳችበት ቀን ነው። ክፍል ተሳስቶ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ መሳሳቱን ሲያውቅም አልወጣም። በመጨረሻ እጁን አወጣ።

«ምን ያህል ልትሳሳቺ ትችያለሽ?»

ሰው ሳቀ። እሷ ክው አለች። እሱ ግን የምሩን ነበር።

በረንዳው ላይ ደረሰችበት። «ልታዋርደኝ ፈልገህ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ። እኔ የምሠራው እንዲህ ያሉ ቅንጣቶችን የሚፈልገው መለኪያ መሣሪያ ጋ ነው። ቁጥር ብቻ የሚነግረኝን ሰው አላምንም፤ የት ድረስ ሊሳሳት እንደሚችል የሚነግረኝን ነው የማምነው።»

«እና እኔን አመንከኝ?»

«ገና አልመለስሽልኝም እኮ።»

ሳታስበው ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ «ለኪው» አለችው። ምሳቸውን ደረጃው ላይ አብረው መብላት ጀመሩ። እሱ ወሬ አያበዛም፤ ግን ስታወራ አይን አይኗን እያየ ሲያዳምጣት የምትለው ይጠፋባታል።

አንድ ሰሞን ለኪው ድንገት ጠፋ። ስልክ አያነሳም። ኮሪደር ላይ ስታየው አንገቱን ደፍቶ ያገኘው በር ውስጥ ይገባል። ምን እንዳጠፋች ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም።

ስሌቱን አብረዋት የሚሠሩት ፕሮፌሰሯም በዚያው ሰሞን አስጠሯት። «የሌሎቹ ተመራማሪዎች ስሌት ሁሉ ካንቺ በታች ነው። ኳርኮቹን የሚያስተሳስረውን ጉልበት ትንሽ ብትቀንሺው ከእነሱ ጋር ትገጥሚያለሽ። ብቻሽን ከተሳሳትሽ ማን ይቀጥርሻል?»

«ለመቀነስ ምክንያት የለኝም። ከተሳሳትኩም ብቻዬን ልሳሳት።»

«እንግዲያው የእኔ ስም ከጽሑፉ ይውጣ።»

«ይውጣ» አለች።

ማታ ላይ እናቷ ደወሉ። «ያ ልጅስ?»

«ጠፋ፣ እማዬ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እየሠራሁ ነው።» ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ጠዋት ፊቷን ታጥባ ስሌቱን በሌላ መንገድ ከሥሩ ጀመረችው። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሊሳሳት የሚችልበትን ወሰን ጨምራ፣ በራሷ ስም ብቻ ለዓለም አወጣችው።

ጽሑፉ በወጣበት ቀን የቢሮዋ በር ተንኳኳ። ለኪው ነበር፤ ከስቷል።

«አነበብኩት» አላት።

«ለምን ጠፋህ?»

«ሜሶኗን አግኝተናታል። እስኪታወጅ ክብደቷን ለማንም ላንናገር ቃል ገብተናል። ሌላ ሰው ቢሆን እደብቀው ነበር፤ አንቺ ፊት ግን ፊቴ ያሳብቅብኛል። ስለ ስሌትሽ ስታወሪ ቅንድቤ ብትነሳ እንኳ ትነቂያለሽ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ያንቺ አይሆንም።»

በአንድ ጊዜ ተናደደችም፣ ደስም አላት።

«አለቀስኩ እኮ» አለች።

«ይቅር በይኝ። ሌላ መንገድ አጣሁ።»

እንባዋን ጠረገች። «ቁጥሩን አሁንም እንዳትነግረኝ። ከሰው እኩል ነው የምሰማው። ምሳ በልተሃል?»

«ፊቴስ?»

«አላይህም።»

እስከ አዋጁ ቀን ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ግድግዳውን እያዩ በሉ። የሚያልፍ የሚያገድመው የተጣሉ ይመስለው ነበር።

በአዋጁ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ልክ የእሷ አልነበረም፤ ጥቂት ዝቅ ይላል። ግን ካሰመረችው ወሰን አልወጣም፤ የሌሎቹን ደግሞ በሩቁ ጥሎ አልፏል። ፕሮፌሰሯ ከመቀመጫቸው ተነስተው እጇን ጨበጡ። «ፈራሁ፤ አንቺ አልፈራሽም» አሏት።

«ፈርቻለሁ» አለች ግትሯ። «መቀነሻ ምክንያት ግን አልነበረኝም።»

ከዚያ ዞራ ለኪውን አየችው፤ እስክትጠግብ ድረስ አየችው። እሱም አይኑን አልሰበረም።

«እሁድ እናቴ ጋ እንሄዳለን» አለችው።

«ምን ልበላቸው?»

«የጠፋህበትን ምክንያት። እኔን ማሳመኑ ቀላል ነበር።»

እናቷ ስለ ኳርክ፣ ስለ ሜሶንና ስለ ገባው ቃል የተባለውን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩት።

«ልጄን ያስለቀስካት እንግዲህ ለሥራዋ ብለህ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡለት።

«ቁጭ በል እንግዲህ፣ ልጄ።»