«ደርሷል» ያለው ስልክ

የምንኖርባት ደሴት ማዱራ ካለው ከሱመነፕ ወደብ በጀልባ ግማሽ ቀን ታስኬዳለች። ኔትወርክ በደንብ የሚገኝባት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የጀልባው ማረፊያ ጫፍ ላይ፣ ከበረዶ መጋዘኑ አጠገብ። ስለዚህ ፀሐይ በረድ ስትል እዚያ የማይገኝ ሰው የለም። ማሌዢያ ካለው ባሏ ጋር የምትጣላዋ፣ የዓሣ ገበያ የሚያጣራው፣ ሙሽራ የሚፈልገው፣ ሁሉም ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ይቆማል። እንግዳ ሰው ቢያየን ዝናብ የምንለምን ይመስለዋል።

አዋላጃችን ሆስኒያም እዚያው ናት። ቡ ሆስኒያ እንላታለን፤ ለሁላችንም እንደ እናት ናትና። እሷ ግን የምትልከው ወሬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በትልቁ ከተማ በሱራባያ ያለ አንድ ድርጅት ትንሽ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ሰጣት። መሣሪያውን ከስልኳ ጋር ታገናኝና በነፍሰ ጡሯ ሆድ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ታንሸራትተዋለች፤ ስልኩ በቪዲዮ ይቀርጻል። ቪዲዮውን ማንበብ የእሷ ሥራ አይደለም። የድርጅቱ አፕ ክላውድ ወደሚሉት የሩቅ ማከማቻ ይልከዋል፤ ሱራባያ ያለው ዶክተር ሉኪቶ ከዚያ አውጥቶ ያየዋል። ችግር ካለ ይደውላል፤ ካልደወለ ሰላም ነው። ደንቡ ይህ ነበር። ይህን ደንብ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቪዲዮው ከባድ ስለሆነ አፑ ቆራርጦ ነው የሚልከው፤ ደረቅ ዓሣችንን በጆንያ ከፋፍለን በተለያየ ጀልባ እንደምንልከው። ታዲያ ጆንያው ሁሉ መግባቱን መናገር ያለበት ተቀባዩ ነው እንጂ ላኪው አይደለም። ይህን ለመረዳት ምህንድስና መማር አያስፈልግም፤ በደሴታችን ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ላይ አፑ ሐቀኛ ነበር። ቪዲዮው ተጠቃልሎ እስኪገባ ቀይ ያበራና «አልደረሰም» ይላል። ቡ ሆስኒያ ቀዩን ስታይ «ዛሬ ደግሞ ምን በደልኩህ?» እያለች ስልኩን ትራገማለች፤ ግን እስኪጠፋ ድረስ ከማረፊያው ጫፍ አትነቃነቅም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ቀዩ ጠፋ። «ላክ» የሚለውን ገና ስትነካው አረንጓዴ ምልክት ይበራል፤ «ደርሷል» ይላል። ኔትወርክ ተሻሻለ ብለን ሁላችንም ተደሰትን።

ምን እንደተደረገ ቆይታ የነገረችን ራትሪ ናት፤ አፑን ከሠሩት ወጣቶች አንዷ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ፓክ ዊቢሶኖ፣ ፓክ አባት እንደ ማለት ነው፣ ትልልቅ እንግዶች ጋብዞ ሥራውን በግድግዳ ስክሪን ሊያሳያቸው ሲል ደሴቶቹ በሙሉ ቀይ በቀይ ሆነው ታዩ። በማግሥቱ ሠራተኞቹን ሰበሰበ።

«ይሄ ሁሉ ቀይ ምንድነው? ቄራ ነው እንዴ የከፈትነው?»

«ቀዩ እኮ እውነት ነው፣ ፓክ» አለች ራትሪ ቀስ ብላ። «ቪዲዮዎቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው።»

«ታዲያ መድረሳቸው ይቀራል?»

«ብዙዎቹ ይደርሳሉ። ስልኩ ካልተዘጋ፣ ቪዲዮው ከስልኩ ላይ ካልጠፋ...»

«እንግዲያው ይደርሳሉ! የሚደርስን ነገር ደርሷል ብንል ማንን ጎዳን? አዋላጆቹም ደስ ይላቸዋል፤ እንግዶቹም ደስ ይላቸዋል። ልክ ሲነካ አረንጓዴ ይሁን። ሌላ ጥያቄ አለ?»

ራትሪ ትእዛዙን ደብተሯ ላይ ጻፈች። አለቃን በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ማለት እዚያ አገር የባለጌ ሥራ ነው። ሱራባያዎች ለዚህ ስሜት የክብር ስም አላቸው፤ እኔ በአጭሩ ይሉኝታ እለዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ነገሩ ገብቷቸው ነበር። ሁሉም እሺ አሉ፤ ሲወጡ ግን ደረጃው ላይ «ይሄ ነገር ጦስ ያመጣል» ተባባሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል እንጂ! የነቀዘውን የሚበላው ደግሞ ዝም ያለው ሰው አይደለም።

በዚያው ሰሞን ሮፊያ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሮፊያ ተማሪዬ ነበረች፤ ሒሳብ አይሆንላትም፣ ምላሷ ግን ምላጭ ነው። ካደገች በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተጠበሰ ዓሣ ትሸጥ ነበር። ባሏ ማትራጂ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሚስቱ ጠዋት የቀለደችውን ማታ መረብ ላይ ሆኖ የሚስቅ ዝምተኛ ሰው። ልጅ አጥተው ብዙ ዓመት ኖረዋል። ስታረግዝ የደሴቱ ሰው ሁሉ የራሱ ቤት የተባረከ ያህል ደስ ብሎት ነበር።

ቡ ሆስኒያ የመረመረቻት ዕለት እኔና ማትራጂ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጠን በመጋረጃው በኩል ድምፃቸውን እንሰማለን።

«ቡ ሆስኒያ፣ ይሄን ሁሉ ቅባት የሚለቀልቁኝ ሊጠብሱኝ ነው እንዴ?»

«አርፈሽ ተኚ! አንቺን ብጠብስሽ ማን ይገዛሻል?»

«ማትራጂ ይገዛኛል፤ በዱቤም ቢሆን።»

ማትራጂ ከአጠገቤ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ቡ ሆስኒያ ስትወጣ ግን አንድ ቁም ነገር ጠየቃት። የምዕራቡ ነፋስ ሊገባ ነው፤ እሱ ከገባ ጀልባ አይወጣም። ሱመነፕ ውስጥ የአክስቱ ልጅ አለ። «ከአሁኑ ወስጄ እዚያ ባስቀምጣትስ?» አላት።

«ዶክተሩ ቪዲዮውን ይዩት» አለችው። «ችግር ካለ ይነግሩናል፤ ያኔ ትወስዳታለህ። ከሌለ ምን አስቸኮለህ?»

ምክሩ መልካም ነበር፤ ዶክተሩ ቪዲዮውን ቢያየው ኖሮ። ቡ ሆስኒያ ማረፊያው ጫፍ ሄዳ ላከችው። አረንጓዴው በራ። ስልኳ ሞልቶ ስለነበር የሮፊያን ቪዲዮ እዚያው አጠፋችው፤ ባትሪ ለመቆጠብ ስልኩን ዘጋችና ወደ ቤቷ ሄደች። ደርሷል የተባለን ነገር ማን ይዞ ይቀመጣል? ሩቅ ያለው ማከማቻ የተወሰኑ ቁራጮች ደርሰውት ነበር። የቀሩትን ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣቸው ያልተሟላ ነው ብሎ የደረሱትንም ጠረጋቸው። ይህንንም የነገረችን ራትሪ ናት።

ቀናት አለፉ። ዶክተሩ አልደወለም። ማትራጂ አላስችል ሲለው ወደ ቡ ሆስኒያ ቤት ሄደ።

«ቡ፣ አንድ ጊዜ ደውለው ቢጠይቁልኝስ?»

«ማንን? ዶክተሩን?»

«አዎ። አዩት ወይ ብለው።»

«አንተ ደግሞ! እኔ የደሴት አዋላጅ፣ እሳቸው ስፔሻሊስት። ሥራዎን ሠርተዋል ወይ ልበላቸው? ምን ይሉኛል?»

«ምን ይላሉ፤ ቢበዛ ይቆጣሉ።»

«እሱ ቀላል ነው? ደግሞ ዝም ካሉ ሰላም ነው ተብሏል። ደርሷል ይላል እኮ፤ ይኸው፣ አንተው እየው!»

ማትራጂ አረንጓዴውን አየና ተመለሰ። እኛ ማዱራዎች ስንከባበር በተራ ነው፤ አባትና እናት፣ ቀጥሎ መምህር፣ ቀጥሎ ገዢ። ዶክተር በተራው ውስጥ የለም፤ እኛው ከሁሉም በላይ ሰቀልነው። ሮፊያም በደሴቱ ቀረች።

ነፋሱ ገባ። አንድ ጠዋት ሮፊያ ዓሣ ስታጥብ ምንም ሳያማት ደም ፈሰሳት። ቡ ሆስኒያ ገና ስታያት ገባት። የእንግዴ ልጁ ከታች ሆኖ የማህፀኑን አፍ ዘግቶታል። እንዲህ ያለች ሴት በቀዶ ጥገና ካልሆነ በሰላም አትገላገልም፤ ምጥ ሳይመጣ ሆስፒታል አጠገብ መሆን ነበረባት። ይህን ከቪዲዮው ላይ ማየት ለዶክተሩ ቀላል ሥራ ነበር።

ማትራጂ በዚያ ማዕበል ጀልባውን አወጣ። ጓደኞቹ አብረውት ገቡ፤ ቡ ሆስኒያ የሮፊያን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ከማረፊያው ላይ ሆኜ ገመዱን ፈታሁላቸው። ሮፊያ መጀመሪያ ላይ ትቀልድ ነበር አሉ። «ቀስ በል እንጂ፣ ልጅህን ሳይወለድ ልታስመልሰው ነው?» አለችው ባሏን። ከዚያ ብርድ ብርድ አላት። ከዚያ መልስ መስጠት አቆመች። የሱመነፕን ወደብ ሳያዩ ሞተች፤ ልጇም አብሯት።

ቡ ሆስኒያ ወደቡ ላይ እንደወረደች፣ ልብሷ በደም እንደራሰ፣ ዶክተር ሉኪቶ ጋ ደወለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«የሮፊያን ቪዲዮ አይተውት ነበር?»

«የማንን?»

«የሮፊያን። የማትራጂ ሚስት። ደርሷል ይላል።»

ዶክተሩ ፈለገ። «በዚህ ስም የገባ ነገር የለም» አላት። «ምነው እህቴ፣ አንድ ቃል ደውለሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«እርስዎን እንዳላስቸግር ብዬ ነው።»

ቡ ሆስኒያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደቡ ላይ ተቀመጠች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከቀብሩ በኋላ ነፋሱ ጋብ ሲል በመጀመሪያዋ ጀልባ ከድርጅቱ የሐዘን ሰሌዳ መጣልን፤ ከተሜዎች ለሠርግም ለሞትም የሚላላኩት፣ በአበባ ያጌጠ፣ በር የሚያህል ሰሌዳ። አበባው በባሕሩ ጨው ጠውልጓል። የፓክ ዊቢሶኖ ስም ከሮፊያ ስም በላይ በትልቁ ተጽፏል። ማን ደጅ እንደምናቆመው አጥተን መጋዘኑ ግድግዳ ላይ አስደገፍነው፤ ፍየሎች በሉት።

በዚያችው ጀልባ ራትሪ መጣች። የላካት የለም፤ በገዛ እግሯ ነው የመጣችው። ሐዘንተኛው ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ የስብሰባውን ነገር አንድም ሳትደብቅ ተናገረች። ስትጨርስ ሽማግሌዎቹ እንደ ደንባችን «አይዞሽ ልጄ፣ ዕጣ ነው፤ ምንም አይደለም» አሏት።

«ዕጣ አትበሉ!» አለ ማትራጂ። ድምፁን እንዲያ ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም። «እንግዳ ናት፤ ደንቡ ምንም አይደለም በላት ይለኛል። አልላትም። ምንም አይደለም የሚባል ነገር አይደለም። ያን ቀን አንድ ጊዜ ጮክ ብትዪ ኖሮ፣ ልጄ፣ ሚስቴን ሱመነፕ ወስጃት ነበር። ያንን አረንጓዴ አይቼ ነው የተውኳት።»

«አዎ» አለች ራትሪ። «እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።»

«እኔስ?» አለች ቡ ሆስኒያ ከጥግ። «ስልኩ ዋሸኝ፣ እሺ። ደውዪ ተብዬ ግን ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ይኸው፣ ማንም ምንም አላለኝም።»

ማትራጂ ወደ ሁለቱም ዞረ። «እንግዲያው እኔ ጋ አታልቅሱ» አለ። «ሄዳችሁ መናገር ያለባችሁ ቦታ ተናገሩ።»

ራትሪ ሱራባያ ተመልሳ እነዚያ ትልልቅ እንግዶች በተሰበሰቡበት ተናገረች። ፓክ ዊቢሶኖ «ቤተሰብ ነን ብዬ ሳምንሽ በሰው ፊት አዋረድሽኝ» ብሎ ከሥራ አሰናበታት። ቀዩ ግን ተመለሰ፤ እንግዶቹ ሰምተዋልና መደበቅ አልተቻለም። ዛሬ አፑ ማከማቻው «ሙሉውን ተቀብያለሁ» እስኪለው ድረስ አረንጓዴ አያበራም፤ ቪዲዮውንም ከስልኩ አያስጠፋም። ዶክተሩም ሰላም ሆነም አልሆነም መልስ ይሰጣል። መልሱ ከዘገየ ቡ ሆስኒያ ማረፊያው ጫፍ ላይ ቆማ ስትጮህ ደሴቱ ሁሉ ይሰማታል፤ «አዩት ወይስ አላዩትም? ምሳ ላይ ነዎት? ይብሉ ይብሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ!»

ወገኖቼ፣ ታላቅን ማክበር ያሳደገን ነገር ነው፤ እኔም ልጆቻችሁን የማስተምረው እሱን ነው። ነገር ግን አለቃ ደስ እንዲለው መጥፎውን ዜና አረንጓዴ መቀባት አክብሮት አይደለም፤ ሰው መግደል ነው። ሌላ ስም የለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አለቃ የሆናችሁ ሰዎች፣ ቀዩን የሚያሳያችሁን ሠራተኛ አታሸማቅቁ፤ ከሚያስደስቷችሁ ሁሉ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። የላካችሁት ነገር፣ ቪዲዮም ይሁን ቃል፣ ደርሷል የሚባለው የተቀበለው ሰው ደርሶኛል ሲል ብቻ ነው። ሰው ዝም ሲላችሁ ሰላም ነው ብላችሁ አትገምቱ። ደውሉ፤ ይቆጧችሁ። ቁጣ ያልፋል።

ይህን ልጽፍ ስነሣ የማትራጂን ፈቃድ ጠየቅሁ። ባሕር ዳር ተቀምጦ መረቡን ይጠግን ነበር። ለሰው ትምህርት ይሆናል አልኩት፤ አስተማሪ ሌላ ምን ይላል?

መርፌውን መረቡ ውስጥ ወጋው።

«ሮፊያን እናቷ ለትምህርት አልወለደቻትም፣ መምህር» አለኝ። «ይጻፉት፣ አልከለክልዎትም። ትምህርት ሆነች ብለው ግን እንዳያጽናኑኝ።»