የአይጥ ጎጆ

መርማሪዋ ግቢው ስትደርስ ሬሳው አልተነሣም። ሹፌሩ በሚኒባሱ የፊት ጎማ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። የኋላ ጭንቅላቱ እንደ ወደቀ እንስራ ተፈረካክሷል፤ ደሙ የፊት መስታወቱ ድረስ ተረጭቷል። የጎማ መፍቻ ብረቱ አጠገቡ ወድቋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ምቱን ስትቆጥር አምስት ላይ ደርሳ ተወችው።

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሚስቱ፣ አብሯቸው የሚኖረው ታናሽ ወንድሙና ሬሳውን ያገኘው ጎረቤት መካኒክ።

ሚስትየው ቀኝ እጇ ከክንዷ እስከ ጣቶቿ በጀሶ ታስሯል። «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለች። «ጠዋት በደህና ነው የተነሣው። ቅጠል የሚኒባሱን አየር ማስገቢያ አንቆታል፣ አይጥም ገብታበታለች፤ ዛሬ ጠርጌው ወንፊት ሽቦ አለብሰዋለሁ አለኝ። እኔ ጓዳ ነበርኩ።»

«በቅርቡ ከሥራ ቀርቶ ያውቃል?» አለች መርማሪዋ።

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል፤ ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ተኛ። ያን ጊዜ ወንድሙ ነዳለት።»

መካኒኩ የሥራ ጓንቱን ሳያወልቅ ቆሟል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው መርማሪዋ።

«ተጣልተናል። እሱ ያየውን አይደብቅም፣ የኔም ምላስ አያርፍም። ማታውን ታርቀን ሽቦውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከአየር ማስገቢያው ፕላስቲክ ክዳን በታች አስገብተህ በብሎን እሰረው አልኩት። ለነገሩ ሠላሳ ዓመት ለነዳ ሰው ይኼ አይነገረውም።»

ታናሽ ወንድምየው እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ግድግዳ ተደግፏል። «ተኝቼ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። መኪናውን በእጄ አልነካሁም።»

መርማሪዋ ወደ ሚኒባሱ ተመለሰች። ከመስታወቱ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ በወንፊት ሽቦ ተሸፍኗል፤ ሽቦው ግን ከክዳኑ በላይ ተጥሎ በቀጭን ሽቦ ተጠምዝዞ ታስሯል። የዝናብ መጥረጊያውን ልታነሣው ስትሞክር ወንፊቱ ያዘው። ዝቅ ብላ አየች። ክዳኑ ላይ ደም ተንጠባጥቦ ደርቋል፤ ከደሙ በላይ ያለው ወንፊት ግን ንጹሕ ነው።

ፒንሳ ተውሳ ሽቦውን ቆረጠች። ክዳኑን አንሥታ እጇን እስከ ክንዷ ስትሰድ የአይጥ ጎጆ ወጣ፤ ደረቅ ቅጠል፣ የተቦጫጨቀ ወረቀት፣ በመካከሉም ቀይ የሻርፕ ክር። ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት የጎዳና ጽዳት ሠራተኛ መኪና ገጭቷት ቦይ ውስጥ ወድቃ ስትገኝ ያነሣቻት መርማሪዋ ራሷ ነበረች። የሴትዮዋ አንገት ላይ የቀረው ቀይ ሻርፕ ግማሹ ተቦጭቋል። የገጫት መኪና አልተገኘም።

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸውና ጎጆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል» አለች። «ወንፊቱ ከደሙ በላይ ነው። ስለዚህ የታሰረው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ገዳዩ ክሩን ለቅሞ እንደማይጨርስ አይቶ፣ ውስጡ እንዳይታይ ቸኩሎ ደፈነው። መካኒክ ቢሆን መጥረጊያውን እንዲይዝ አድርጎ አያስርም። እመቤቲቱ ደግሞ ባንድ እጅ ሽቦ አያጠማዝዙም።»

ወደ ታናሽ ወንድምየው ዞረች። «ሴትዮዋ ስትገጭ ኮፈኖው ላይ ወጥታ መስታወቱን መታች። የሻርፗ ቁራጭ በክዳኑ ቀዳዳ ገባ፤ አይጧ ጎትታ ጎጆ ሠራችበት። ወንድምህ ቅጠል ሲጠርግ አገኘው። በዚያ ሳምንት መኪናውን የነዳኸው አንተ ነህ። እስቲ እጅህን አሳየኝ።»

እጁን አወጣ፤ ለማሳየት ግን አልነበረም። ወንበሩን አንሥቶ ትከሻዋ ላይ ሰበረውና በጉሮሮዋ ያዛት። መካኒኩ ከኋላ ተወርውሮ ወገቡን አቀፈው፤ ተያይዘው ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። ወጣቱ በክርኑ የመካኒኩን አፍንጫ ሰበረ። መርማሪዋ የወንበሩን እግር አንሥታ ጉልበቱ ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፈችበት። ወለሉ ላይ ደፍተው ካቴና ሲያስገቡለት የጣቶቹ ጫፎች ሁሉ በሽቦ ተወጋግተው ነበር።

ሚስትየው አጠገቡ ቁጭ አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ወንድምህ ምን አለህ?»

«ሄደህ ራስህ ተናገር አለኝ። እኔም አብሬህ እቆማለሁ፣ ጠበቃም እፈልግልሃለሁ አለኝ፣ እትዬ።»

«ይኼን እያለህ ነው የመታኸው?»

«ይኼን ብሎኝ ወደ ሥራው ዞረ። ፊቱን ሳላይ መታሁት።»

ሚስትየው ተነሣች። ከመኝታ ቤት ንጹሕ አንሶላ በግራ እጇ ጎትታ አወጣችና ባሏ ወደ ወደቀበት ሄደች። ባንድ እጅ መዘርጋት አቅቷት ስትታገል፣ መካኒኩ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ መጥቶ ሌላውን ጫፍ ያዘላት።